ኦንላይን በየትኛው ስም ልጠራ? ሙሉ ስም፣ የቤት ስም፣ የብዕር ስም ወይስ የሥራ ስም

ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ቱሪስት በጀልባ የሚያመላልስ ጎረቤት አለኝ። ወደ ዘጌ ይወስዳል፤ ወደ ክብራን ገብርኤልም፤ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ቦታም። ከሁለት ዓመት በፊት ፌስቡክ ላይ ለሥራው ብሎ አካውንት ከፈተ። ስሙንና የአባቱን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚመጣለት መልእክት ሁሉ «ሚስተር» ብሎ ይጀምርና የአባቱን ስም ያስከትላል። አባቱ ካረፉ ቆይተዋል። «ጠዋት ስልኬን ስከፍት አባቴን የሚጠሩ ሰዎች ናቸው የሚጠብቁኝ» አለኝ አንድ ቀን። ስሙን መቀየር ፈልጓል፤ ወደ ምን እንደሚቀይረው ግን አላወቀም። አንድ ከሰዓት ቁጭ ብለን ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ አየናቸው። ሌሎችም ይቸገሩበታል ብዬ ስላሰብኩ ያወራነውን እዚህ አስፍቼ ጽፌዋለሁ።

መጀመሪያ፦ ፎርሙ የኛን ስም አያውቅም

አካውንት ስትከፍቱ የምትጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም»። ፎርሙን የሠሩት ሰዎች አገር ሁለተኛው የቤተሰብ ስም ነው። ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል። እኛ ጋ እንዲህ የሚወርድ ስም የለም። የኔ ሁለተኛ ስም አባቴ ነው፤ የልጄ ሁለተኛ ስም የልጄ አባት ነው። ሴት ስታገባም በራሷና በአባቷ ስም ትቀጥላለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም አለው ብሎ ደንግጎ ነበር። ሰዉ ግን በለመደው ቀጠለ።

የሩጫ ውድድር ስታዩ ይህን ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። የውጭው ጋዜጠኛ «በቀለ፣ በቀለ» ይላል። እኛ የምናየው ቀነኒሳን ነው፤ በቀለ አባትየው ናቸው። ወንድሙ ታሪኩ ሲሮጥም ያው «በቀለ» ነበር። ጥሩነሽና ገንዘቤም ሁለቱም «ዲባባ» ተብለዋል። ጀልባ ነጂው ጎረቤቴ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ስም ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። በዚህ ስም የሚጠራኝ ማን ነው? የባንክ ሠራተኛ ነው? የአብሮ አደጎቼ ግሩፕ ነው? ደንበኛ ነው? የማያውቀኝ አንባቢ ነው? መልሱ ከታወቀ ምርጫው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ሙሉ ስም

ሥራ የምትፈልጉ፣ ለትምህርት የምታመለክቱ፣ በሙያችሁ መታወቅ የምትሹ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም። ፔዳም ሆነ ፖሊ (ሁለቱም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ናቸው) ለሚማሩ ልጆች ሁሌ የምለው ይህንኑ ነው። የራስ ስምና የአባት ስም ባሕር ዳርን በመሰለ ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው ሊጋራው ይችላል። የአያት ስም ሲጨመር ግን ሰውየው ይለያል። ሊንክዲንን በመሰለ የሥራ ገጽ ላይ ሦስቱንም ብታደርጉ አይበዛም። የራሳችሁን ስም በመጀመሪያው ሳጥን፣ የአባትና የአያትን በሁለተኛው አስገቡ።

ፌስቡክም የሚፈልገው ሰው በዕለት ተዕለት ኑሮው የሚጠራበትን ስም ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በዚህ ደንብ የተነሳ የብዙ ሰው አካውንት ተዘግቶ ትልቅ ቅሬታ ተነስቶ ነበር። ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቀ፤ ደንቡ ግን አልተነሳም። ስም ከቀየራችሁ በኋላ ደግሞ እንደገና ለመቀየር 60 ቀን መጠበቅ አለባችሁ። ስለዚህ በችኮላ አትንኩት።

የሙሉ ስም አንዱ ጉዳቱ ብዙ መናገሩ ነው። የኛ ስም ብዙ ጊዜ ሃይማኖትን ይናገራል። የአባትና የአያት ስም ሲጨመር ደግሞ ሰዎች አገሩንም ብሔሩንም ይገምታሉ፤ ልክ ይሁኑም ይሳሳቱ። ሰው በስሙ ብቻ የሚፈረጅበት ጊዜ ማየታችን ያሳዝነኛል፤ ግን አይተናል። ሐሳብ በሚያጋጭ ግሩፕ ውስጥ የአያቱን ስም ማውጣት የማይፈልግ ሰው ፈሪ አይደለም፤ መብቱ ነው።

ሌላው ጉዳት ስምና ፎቶ በቀላሉ የሚቀዳ መሆኑ ነው። ሰፈራችን ውስጥ የአንዲት እናት ሙሉ ስምና ፎቶ ተወስዶ ፌክ አካውንት ተከፈተበት። ለዘመዶቿ ሁሉ «ሲሜ ተበላሽቶ ነው፣ ብር ላኩልኝ» የሚል መልእክት ተላከ። ሁለት ሰው ልኳል። ለዚህ መድኃኒቱ ስም መደበቅ አይደለም። ለቤተሰብ አስቀድሞ መንገር ነው፤ «በጽሑፍ ብር ብጠይቅ ደውላችሁ ድምፄን ሳትሰሙ አትላኩ»።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ፎርም ላይ የእናት ሙሉ ስም ይጠየቃል። በእናቶች ቀን የእናታችሁን ፎቶ ከነሙሉ ስሟ ስትለጥፉ ያን መልስ ለማንም እየሰጣችሁ ነው። «እማዬ» ማለት ይበቃል።

ፊደሉስ? ግዕዝ ወይስ እንግሊዝኛ

እኔ ብዙ ዋጋ የከፈልኩት እዚህ ላይ ስለሆነ በዚህ ትንሽ ልቆይ። ስሜ በ«ፀ» ይጀምራል። ፓስፖርቴ ላይ በ«ቲ» እና «ኤስ» ተጀምሯል። ኢሜይሌን ግን ተማሪ እያለሁ በ«ኤስ» ብቻ ከፍቼው ነበር፤ አጭር ይሁን ብዬ። በኋላ ከውጭ አገር ለሚሰጥ አንድ ሥልጠና በዚያው ኢሜይል ተመዘገብኩ። ምስክር ወረቀቱ በ«ኤስ» መጣ። «ይህ የአንቺ አይደለም» ተባልኩ። አንድ ሰው መሆኔን ለማስረዳት ሳምንታት ፈጀብኝ። በመካከሉ የምፈልገው ዕድል አለፈ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግሊዝኛ ፊደል የኛን ድምፅ አይችለውም። «ጠ» እና «ተ» አንድ ይሆናሉ። «ጨ» እና «ቸ» እንዲሁ። «ቃልኪዳን» የምትባል ልጅ ብዙ ጊዜ በ«ኬ» ትጽፋለች፤ ሌላዋ በ«ኪው» ትጽፋለች። ሁለቱም አልተሳሳቱም። የከተማችንን ስም ራሱ እዩት። አንዱ ታፔላ ላይ በሁለት ቃል፣ ሌላው ላይ በአንድ ቃል ይጻፋል። መሐሉ ላይ አንዱ «አይ» ያስገባል፣ አንዱ «ኤ»።

ግዕዝ ፊደልም ከችግር ነፃ አይደለም። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ለጆሯችን አንድ ናቸው። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» እንዲሁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ይዟል። ስለዚህ ለስልካችሁ «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሰው በአንዱ ፈልጓችሁ በሌላው ከተጻፋችሁ ላያገኛችሁ ይችላል።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። የሚያነብላችሁ አማርኛ አንባቢ ከሆነ ስማችሁን በግዕዝ ፊደል ጻፉ። ስማችን በራሱ ፊደል ሲጻፍ ትርጉሙ ይታያል። አገኘሁ፣ ይበልጣል፣ አንተነህ የሚሉ ስሞች ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው። እናትና አባት ያን ቀን የተናገሩት ቃል ናቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ግን ድምፅ ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ወረቀትና ገንዘብ ባለበት ግን አትፈላሰፉ። ፋይዳችሁ ላይ ስማችሁ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፏል። የእንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል ገልብጡት። ፓስፖርት ካላችሁ ሁለቱ መስማማታቸውን ዛሬውኑ እዩ። ካልተስማሙ ዕድል በር ላይ ከመምጣቱ በፊት አስተካክሉ። (መታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ ግሩፕ ላይ አትላኩ። ለትክክለኛው ቢሮ ብቻ ነው የሚታየው።)

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። ፌስቡክ በአንድ ስም ውስጥ ሁለት ዓይነት ፊደል መቀላቀልን አይፈቅድም። ስለዚህ ስማችሁን በአንዱ ፊደል ጻፉና ሌላውን «ሌላ ስም» በሚለው ቦታ ጨምሩ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ስማችሁን በግዕዝ መጻፍ ትችላላችሁ፤ ዩዘርኔሙ ግን የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና የታች ሰረዝ ብቻ ይቀበላል። ከ5 ፊደል ማነስም የለበትም።

የቤት ስም

ትዕግሥት «ቲጂ» ትባላለች፤ ዮሐንስ «ጆኒ»፤ መሠረት «መሲ»፤ ብርሃኑ «ብሬ»። ለቤተሰብና ለአብሮ አደግ ግሩፕ ይህ በቂ ነው፤ ደስም ይላል። የአባት ስም ስለሌለበት ብዙ አያጋልጥም። ግን ሥራ ላመልክት ብላችሁ በ«ቲጂ ቆንጆ» ኢሜይል አትላኩ። እንዲህ ያለ ኢሜይል የያዘ ማመልከቻ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች።

የብዕር ስም

እዚህ ጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይምታታሉ። አንደኛው ሌላ ገጽታን የሚያሳይ ስም ነው። ሁለተኛው ሰውን የሚሸሽግ ስም ነው።

የመጀመሪያውን አባቶቻችን በደንብ ያውቁታል። የፈረስ ስም ነበራቸው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። ማንም በዚህ ስም አልተደበቀም። እንዲያውም ይበልጥ ታወቀ። ቴዎድሮስ ራሱ ከንግሥ በፊት ካሳ ነበር፤ ምኒልክ ሣህለ ማርያም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተፈሪ። ጣና ደሴቶች ላይም ሰው ሲመነኩስ አዲስ ስም ይሰጠዋል። ሰው በሕይወቱ አዲስ ምዕራፍ ሲጀምር አዲስ ስም መያዙ ለኛ ከኢንተርኔት ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ግጥም የምትጽፉ፣ ቲክቶክ ላይ የምትሠሩ ከሆነ እንዲህ ዓይነት ስም ብትመርጡ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ሁለተኛውንም ቢሆን እናውቀዋለን። ቴሌግራም ላይ የመንፈሳዊ ቻናሎችን አስተያየት አንብቡ። «ወለተ ማርያም ብላችሁ በጸሎት አስቡኝ» ይላል አንዱ። «ገብረ ሚካኤልን አትርሱ፣ ታሟል» ይላል ሌላው። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ የሚሰጣቸው የክርስትና ስም ነው። ጎረቤት አያውቀውም፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል። ሰው ችግሩን በሺህ ሰው ፊት ይናገራል፤ ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። በእውነት ከዚህ የተሻለ የተሸሸገ ስም ማንም አልፈጠረም። ሙስሊም እህቶቻችንና ወንድሞቻችንም በልጃቸው ስም «ኡሙ እገሌ»፣ «አቡ እገሌ» ብለው ይጽፋሉ። ክብር አለው፤ የራስን ስምም ይከድናል።

የክርስትና ስማችሁን ግን ለጸሎት ካልሆነ በቀር ፕሮፋይል ላይ ባታወጡት እመርጣለሁ። ድሮ እናቶቻችን «የክርስትና ስም ለሁሉ አይነገርም» ይሉን ነበር። የነሱ ምክንያት ሌላ ነበር። የኔ ምክንያት አንድ ነው፤ ሁሉም ስሞቻችን ከወጡ የምንጠለልበት አይቀረንም።

የብዕር ስም የሚከዳው በስልክ ቁጥር ነው። አንዲት የማውቃት ነርስ ስለ እርግዝናና ስለ አራስነት ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ በብዕር ስም ትጽፍ ነበር። ሴቶች በግልጽ የማይጠይቁትን ይጠይቋታል፤ እሷም ትመልሳለች። ብዙ ሳይቆይ የሥራ ባልደረባዋ «አንቺ ነሽ አይደል?» አለቻት። ነገሩ ቀላል ነው። ባልደረባዋ ቁጥሯን ስልኳ ላይ ሴቭ አድርጋለች። ቴሌግራም ደግሞ ለሷ የሚያሳያት የብዕር ስሙን ሳይሆን ራሷ ሴቭ ያደረገችውን ስም ነው። ነርሷ መጻፍ አቆመች። ያ ሁሉ ሴት መልስ የሚያገኝበት ቦታ ተዘጋ። ይህን ስሰማ በጣም ነው ያዘንኩት፤ ምክንያቱም ልንከላከለው እንችል ነበር።

እንዲህ አድርጉ። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» የሚለውን ክፈቱ፤ ከዚያ «ፎን ነምበር»። ቁጥሬን ማን ይይ ለሚለው «ኖባዲ» አድርጉ። ያኔ ከሥሩ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ እሱን «ማይ ኮንታክትስ» አድርጉ። ያም ሆኖ ምስጢሩ ከባድ ከሆነ ማንም በማያውቀው ሌላ ሲም የተለየ አካውንት መክፈት ነው የሚሻለው። ከግሩፕ ይልቅ ቻናልም ይመረጣል፤ ቻናል ላይ የሚታየው የቻናሉ ስም ነው። አስተያየት መስጫው ውስጥ ገብታችሁ ስትመልሱ ግን አካውንታችሁ እንደሚወጣ አትርሱ። ዋትስአፕ ለብዕር ስም አይሆንም። ግሩፕ ውስጥ ቁጥራችሁ ይታያል።

ደግሞ የብዕር ስም ከሕግ አያድንም። ሲም ካርዱ በመታወቂያ የተመዘገበ ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በእውነተኛ ስም የጻፈና በብዕር ስም የጻፈ ብሎ ሰው አይለይም። የብዕር ስም የፈለጋችሁት ሰው ለመስደብ ከሆነ፣ ተዉት።

የሥራ ስም

ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉ የዓሣ ዓይነቶች ለምግብ ቤትና ለቤት የምታቀርብ ዘመድ አለችኝ። በቴሌግራም ቻናል ነው የምትሸጠው። መጀመሪያ ስሙን «ጣና» በሚል ጀመረችው። ችግሩ ባሕር ዳር ውስጥ የብዙ ነገር ስም ወይ ጣና፣ ወይ ዓባይ፣ ካልሆነም ግዮን ነው። ደንበኛ ስሟን ፈልጎ ሌላ ሰው ጋ ይሄድባት ነበር። በኋላ የራሷን ስም አስገባችበት፤ «የእገሊት ዓሣ» እንደማለት። ወዲያው ተለየች። ምክሬም ይኸው ነው። የሥራ ስም ውስጥ የራሳችሁ የሆነ አንድ ነገር ይኑር፤ ስማችሁ ወይም ሰፈራችሁ።

ሌላ ጣጣም ነበር። ደንበኛው በቴሌብር ሲከፍል የሚወጣለት ስም የቻናሉ ሳይሆን የእሷና የአባቷ ነው። ሰው ይደነግጣል። «ሌላ ሰው ጋ ሊሄድብኝ ነው» ብሎ ያቋርጣል። እሷም ከቻናሉ አናት ላይ አንድ መስመር ሰቀለች፦ «ሲከፍሉ የሚወጣው ስም ይህ ነው» ብላ ስሟን ጻፈች። ጥያቄው ቆመ። ሰው ሳይተያይ የሚገበያይበት ቦታ ላይ የሥራ ስምና የሰው ስም ተያይዘው መታየት አለባቸው። ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ በብዕር ስም መሸሸግ አይቻልም፤ መሆንም የለበትም።

እንግዲህ ማን ምን ይምረጥ?

ተማሪና ሥራ ፈላጊ ከሆናችሁ ከሙሉ ስም ጋር ሂዱ፤ የእንግሊዝኛው ፊደል እንደ ፋይዳው ይሁን። የምትሸጡት ነገር ካለ የሥራ ስም ያዙ፤ ደንበኛ ሲከፍል የሚወጣለትን ስማችሁን ግልጽ አድርጉ። ስለ ጤና፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ሕመም ለሰው የሚጠቅም ነገር የምትጽፉ ግን ስማችሁ ቢወጣ የምትጎዱ ከሆነ የብዕር ስምን አትፍሩ፤ ቁጥሩን ብቻ ለዩ። ለቤተሰብና ለጓደኛ ግሩፕ የቤት ስም ይበቃል። አንድ ሰው ከነዚህ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ቢይዝ ውሸታም አይባልም። እናቱ በአንድ ስም፣ መምህሩ በሌላ፣ ቄሱ በሌላ ሲጠሩት ነው ያደገው። የሚያስቸግረው የአንዱ ስም ቁጥርና ኢሜይል ከሌላው ሲደባለቅ ነው።

ጀልባ ነጂው ጎረቤቴ ለሥራው ለብቻው ገጽ ከፈተ። ስሙ የራሱ መጠሪያና «ጀልባ» የሚለው ቃል ነው። ከውጭ የሚመጣው መልእክት አሁን እዚያ ይገባል። የግል ፕሮፋይሉን በግዕዝ ፊደል አደረገው። «የአባትህን ስም እናውጣው?» ብዬ ስጠይቀው ትንሽ አሰበ። «ተይው፣ ይኑር» አለኝ። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ በእንግሊዝኛ አስጻፈኝ። ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ «ስሜ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው አባቴ ነው፤ ጀልባ መቅዘፍ ያስተማረኝ እሱ ነው።»